የሰንደቅ ዓላማ ቀን፦ ታሪኩ፣ አከባበሩ፣ የጨርቁና የገመዱ ዝግጅት

ሚኒ_ሚዲያ_አስተባባሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የትምህርት ቤታችን የሥነ ዜጋ ክበብና ሚኒ ሚዲያው የዘንድሮውን የሰንደቅ ዓላማ ቀን እንዲያዘጋጁ ተመድበዋል። ተማሪዎቹ ያሰባሰቡት መረጃ እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ጉዳዩን በደንብ ከምታውቁት ብንጠይቅ ይሻላል ብለናል።

አንደኛ፣ ቀኑ በየዓመቱ ለምን ይለያያል? ሁለተኛ፣ አዋጁን አንዱ 654/2001፣ ሌላው 654/2009 ይለዋል፤ የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ግቢው ውስጥ 6 ሜትር የብረት ሰንደቅ (ባንዲራ የሚሰቀልበት ምሰሶ) አለን፤ ጨርቁ ምን ያህል ይሁን? አዲስም ማሰፋት አለብን። አራተኛ፣ አሰቃቀሉን ከመዝሙሩ ጋር እንዴት እናስማማው? አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ ላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ትልቅ ባንዲራም እንሰቅላለን።

---

የታሪክ_መደብ

መምህር፣ ከቀኑ ልጀምር። የሰንደቅ ዓላማ ቀን እንደ አድዋ ድል የቆመ ቁጥር የለውም። የሚያዘው ሰኞ ነው፣ እሱም በጥቅምት መግቢያ አካባቢ የሚውለው። በ2015 ጥቅምት 7፣ በ2016 ጥቅምት 5፣ በ2017 ጥቅምት 4 ተከብሯል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ባነር ላይ ቀኑን አትገልብጡ። የዓመቱን ቀን፣ ሰዓትና መሪ ቃል ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መግለጫ ወይም ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ውሰዱ። ሥራ የሚዘጋበት ቀን አለመሆኑንም ለወላጆች በምትልኩት ወረቀት ላይ ግልጽ አድርጉት፤ ትምህርት አለ።

ባነር ላይ በብዛት የሚሳሳተው ተራ ቁጥሩ ነው። በ2015 የተከበረው 15ኛው፣ በ2016 16ኛው፣ በ2017 17ኛው ነበር። ማለትም የዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ ሁለት አሃዝና ተራ ቁጥሩ አንድ ናቸው። ወደ ኋላ ሲቆጠር መጀመሪያው 2001 ላይ ያርፋል። ብዙ ጽሑፍ ላይ በ2000 መጀመሩ ይነበባል፤ ያ ከሆነ ግን የ2017ቱ 18ኛ በሆነ ነበር።

አዋጁን በተመለከተ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ የመጀመሪያው የሰንደቅ ዓላማና ዓርማ አዋጅ 16/1988 (በፈረንጆቹ 16/1996)፣ እሱን የተካው 654/2001 (654/2009)፣ ማሻሻያው ደግሞ 863/2006 (863/2014)። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠር ከቀላቀላችሁ አንባቢው ስድስት አዋጅ ያለ ይመስለዋል። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት።

ከሁሉም በላይ ያለው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 3 ላይ ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሀል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፣ በመሀሉ ብሔራዊ ዓርማ፣ ሦስቱም ቀለማት እኩል ሆነው በአግድም እንደሚቀመጡ ተደንግጓል። ክልሎች የራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችልም እዚያው አለ። ተማሪዎቹ የሚያነቡት ጽሑፍ ከዚህ አንቀጽ ቢነሳ ጠንካራ መሠረት ይኖረዋል።

---

የታሪክ_መደብ

ታሪኩን ለብቻ ልጻፈው፤ እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ ብዙ ስህተት ያመጣል።

ሦስቱ ቀለማት አንድ ላይ ከመሰፋታቸው በፊት ለየብቻቸው በጠባብ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ይውለበለቡ ነበር። በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ የተዋሐዱት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በፈረንጆቹ ጥቅምት 1897 መሆኑ ነው። የአድዋ ጦርነት የካቲት 1888 ነበር። ስለዚህ በተማሪዎች ድራማ ላይ የአድዋ ዘማች የዛሬውን ባለ ኮከብ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ከወጣ ስህተት ነው። የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ሰንደቅ ዓላማ የቀለሙ ቅደም ተከተልም ከዛሬው ተቃራኒ ነበር፤ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች፣ መሀሉ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ስም መነሻ «ም» ፊደል።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ በመሀል ይታወቃል። ልሙጡም፣ ማለትም ዓርማ የሌለው፣ ከጎኑ በሰፊው ያገለግል ነበር። በጣሊያን ወረራ ዓመታት ሰንደቅ ዓላማው ከከተሞች ወርዶ በአርበኞች እጅ ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ ሰቀሉት። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። ተማሪዎች አንድ ክስተት ብቻ መርጠው ያቅርቡ ከተባለ እኔ የምመርጠው ኦሜድላን ነው። ቀኑም ቦታውም በእርግጠኝነት ይታወቃል፣ ክስተቱም ራሱ ሰንደቅ ዓላማ መስቀል ነው።

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ከአንበሳው ላይ ዘውዱ ወረደ፤ ቆይቶም አንበሳው ራሱ ቀረ። በ1979 የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ የሪፐብሊኩ ዓርማ መጣ፣ እስከ 1983 ቆየ። የሽግግሩ ዘመን ልሙጡን ይዞ አለፈ። ዛሬ የምናየው ሰማያዊ ክብና ቢጫ ኮከብ የመጣው በ1988ቱ አዋጅ ነው።

የቀለማቱ ትርጉም በሕጉ ላይ አጭር ነው። አረንጓዴው ሥራ፣ ልምላሜና ዕድገት፤ ቢጫው ተስፋ፣ ፍትሕና እኩልነት፤ ቀዩ ለነጻነትና ለእኩልነት የተከፈለ መሥዋዕትነትና ጀግንነት። በዓርማው ላይ ሰማያዊው ሰላምን፣ ኮከቡ የሕዝቦችን በፈቃድ የተመሠረተ አንድነት፣ ጨረሮቹ ብሩህ ተስፋን ያሳያሉ።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴውን የወሰደችው ኢትዮጵያን አይታ ነው። ከዚያ በኋላ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ተከትለዋል። ለሚኒ ሚዲያ የጥያቄና መልስ ዝግጅት ጥሩ ግብዓት ነው።

---

ስለ_ልሙጡ

በየበዓሉ ሰው ልሙጡን ይዞ ሲወጣ እናያለን። ትምህርት ቤት ልሙጡን ቢሰቅል ምን ችግር አለው? ቀለሙ እኮ ያው ነው።

---

አወያይ

ይህ ክር ስለ አከባበሩ ስለሆነ መልሱን በሕጉ ልክ ላስቀምጠው። አዋጅ 654 ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀምን ከከለከላቸው ተግባራት አንዱ አድርጎታል። በላዩ ላይ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ሌላ ምልክት መጨመርም ክልክል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 244 ደግሞ ሰንደቅ ዓላማን በአደባባይ መቅደድን፣ ማበላሸትንና ማዋረድን ያስቀጣል። ትምህርት ቤት የመንግሥት መርሐ ግብር የሚያስፈጽም ተቋም ነውና ባለ ዓርማውን ይሰቅላል። በዓርማው ላይ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለው ክርክር ሰፊና ከልብ የሚነሳ ነው። ለእሱ የተለየ ክር ስላለ እዚያ ቀጥሉ።

«ጽሑፍ አይጨመርም» የሚለውን ግን መምህራን ልብ በሉልኝ። የትምህርት ቤቱን ስም ሰንደቅ ዓላማው ላይ ማሳተም የተለመደ ስህተት ነው። ስሙ ባነሩ ላይ ይጻፍ።

---

ስፌት_ቤት

ወደ ጨርቁ ልግባ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው፣ 1 ለ 2። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ የታተሙ ባንዲራዎች 90 በ150 ናቸው፤ ያ የሌሎች አገሮች ልክ ነው። ሲገዙ ሜትር ይዞ መሄድ ነው።

ለ6 ሜትር ሰንደቅ የጨርቁ ርዝመት ከሰንደቁ ቁመት ሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ያምራል። ማለትም ከ75 በ150 እስከ 100 በ200 ሴንቲ ሜትር። እኔ የምመክረው መሀለኛውን፣ 90 በ180 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ነፋስ ሰንደቁን ያወዛውዛል፣ ዝናብ ሲነካውም ከብዶ ጫፍ ላይ ገመዱ የሚዞርበትን መዘውር ይጎትታል።

ለ90 በ180 አቆራረጡ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ተሰፍቶ ሲያልቅ 30 ሳ.ሜ. መሆን አለበት። በየጎኑ 1.5 ሳ.ሜ. ለስፌት ሲጨመር የቆረጣው ወርድ 33 ሳ.ሜ. ይሆናል። ሦስቱ 99 ሳ.ሜ. ሆኑ። ሁለቱ መጋጠሚያዎች 3፣ 3 ሳ.ሜ. ይበላሉ፣ የላይና የታች ጠርዝ 1.5፣ 1.5። የሚቀረው ልክ 90 ነው። በርዝመት በኩል 185.5 ይቆረጥ፤ 4 ሳ.ሜ. ለሚውለበለበው ጫፍ ድርብ እጥፋት፣ 1.5 ወደ ገመዱ በኩል ከሸራው ማሰሪያ ጋር ለሚጋጠመው።

መጋጠሚያው ተጠላልፎ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ይሰፋ፤ ጥሬ ጠርዝ በየትኛውም ወገን መታየት የለበትም። በኦቨርሎክ ብቻ የተጋጠመ ባንዲራ ነፋስ ላይ በመጋጠሚያው በኩል ይለቃል። የሚውለበለበው ጫፍ ላይ ከሦስት እስከ አራት መስመር ስፌት ይሂድ፣ ሁሌ ቀድሞ የሚቀደደው እዚያ ነውና። የሸራው ማሰሪያ ውስጥ ከላይና ከታች የብረት ቀለበት ይግባ፤ ቀለበቱ ሸራውን ብቻ ሳይሆን የጨርቁንም እጥፋት ይዞ ይመታ።

አሁን ዋናው ጣጣ ዓርማው ነው። ሦስት ዓይነት ጥፋት ይታያል። አንዱ፣ በአንድ ወገን ብቻ ተለጥፎ ከኋላ ልሙጥ ሆኖ መቅረቱ። ዓርማው ከሁለቱም ወገን መታየት አለበት፤ ወይ በሁለቱም ይለጠፋል፣ ወይ በአንዱ ተሰፍቶ ከኋላ ያለው ጨርቅ ተቆርጦ ይወጣል። ኮከቡ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ከኋላ ሲታይ አይበላሽም። ሁለተኛው፣ ኮከቡ ተጣሞ መሰፋቱ። አንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ አረንጓዴው ማመልከት አለበት። ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ከሆኑ ወይ ዓርማው ተገልብጧል ወይ ባንዲራው። ሦስተኛው፣ ክቡን ከመሀል ማሳት ነው። ከማእዘን ወደ ማእዘን በኖራ ሁለት መስመር አስምሩና መገናኛቸው ላይ የክቡን መሀል አሳርፉ። ይህን ግን ከገመዱ በኩል ያለው ሸራ ከመሰፋቱ በፊት አድርጉ፤ ከሸራው ጋር ከለካችሁት መሀሉ ወደ ገመዱ ይሳባል። የዓርማውን መጠን በዓይን አትገምቱ፣ ከአዋጁ ጋር ከታተመው ሥዕል ተመጥኖ ይወሰድ።

---

ማተሚያ_አካባቢ

ስፌት_ቤት ያለው ለውጭ ሰንደቅ ልክ ነው። ለአዳራሽ ግን የታተመ ፖሊስተር ይበቃል፣ ፀሐይም ነፋስም የለም። ለኅትመት ስትልኩ ፋይሉን አንድ ሰው በእጁ ያረጋግጥ። ተገልብጦ ቀይ ከላይ የሆነ እንደሆነ የቦሊቪያ ቀለም ቅደም ተከተል ይሆናል፤ ከኢንተርኔት የተለቀመ ሥዕል ላይ ይህ ያጋጥማል።

---

ስፌት_ቤት

በአዳራሽ እስማማለሁ። የውጩን ግን ጥጥ አታድርጉት። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቀዩ ወደ ቢጫው ይለቃል። ፖሊስተር ፀሐይ ይችላል፤ ናይለን ቀላል ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ላይም ይዘረጋል፣ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ከመስፋታችሁ በፊት ቀዩን ጨርቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጋችሁ ፈትሹ። ቀለም ከያዘ ያንን ጥቅል መልሱ።

ጫፉ ሲተለተል ቆርጦ እንደገና መስፋትም ገደብ አለው። 180ው 170 ሲሆን 1 ለ 2 መሆኑ ቀርቷል። ያኔ አዲስ ማሰፋት ነው።

---

ፕሮቶኮል_ክፍል

የአዳራሹን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ወደ ታች በቁሙ ሲሰቀል አረንጓዴው ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው በግራ በኩል ይሁን። ችግሩ ዓርማው ነው፤ የአግድሙን ባንዲራ እንዲሁ ብታዞሩት ኮከቡ በጎኑ ይተኛል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ወይ ኮከቡ ቀጥ ብሎ የታተመበት ለብቻ ማሠራት፣ ወይ ደግሞ በአግድም መስቀል። ሕገ መንግሥቱም ቀለማቱ «በአግድም» ነው የሚለው። እኔ በአግድም ስቀሉት እላለሁ፣ ክርክር አያስነሳም።

ከክልሉ ሰንደቅ ዓላማ ጋር ሁለት ብቻ ሲሆኑ የፌዴራሉ በራሱ ቀኝ፣ ማለትም ከፊት ለሚያይ በግራ ይቆማል። ሦስት ሲሆኑ መሀል። መጠናቸውም የሰንደቃቸውም ቁመት እኩል ይሁን። መድረክ ላይ ተናጋሪው የሚሸፍነው ቦታ ላይ አታቁሙት። የጠረጴዛ ልብስም አይሆንም፣ የክብር እንግዳ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ የሻይ ብርጭቆ የሚቀመጥበት ጊዜ አለና ነው።

---

ገመድና_መዘውር

አሰቃቀሉን እኔ ልውሰድ። ዝግጅቱን የሚያበላሸው ንግግሩ ሳይሆን ገመዱ ነው። ከሳምንት በፊት የሚታየው ይህ ነው።

ገመዱ ለ6 ሜትር ሰንደቅ 14 ሜትር ያስፈልጋል፤ 12ቱ ደርሶ መልስ፣ ቀሪው ለማሰሪያ። ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ የተጎነጎነ ፖሊስተር ይሁን። የቃጫ ገመድ እርጥበት ሲነካው ያብጥና መዘውሩ ውስጥ ይነክሳል። ምንም ነገር ከመታሰሩ በፊት የገመዱ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ተያይዘው ቀለበት ይሁኑ። ይህ ካልሆነ አንዱ ጫፍ ከእጅ አምልጦ መዘውሩን አልፎ ይወርዳል፣ ከዚያ መሰላል ፍለጋ ነው። መያያዣው ቋጠሮ ደግሞ ከባንዲራው ግርጌ በታች ይሁን፤ ከላይ ከሆነ ጫፍ ሊደርስ ሲል መዘውሩ ላይ ይቀረቀራል። መዘውሩን በባዶ ገመድ አሥር ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች አመላልሱት። ከጮኸ ዘይት ይፈልጋል፣ ከዘለለ መዘውሩ አልቋል።

ባንዲራው ሲታሰር የላይኛው ቀለበት ከላይኛው መንጠቆ፣ የታችኛው ከታችኛው፤ በመሀላቸው ያለው ገመድ የተወጠረ ይሁን። ከላላ ባንዲራው ይታጠፍና ዓርማው አይታይም። ተገልብጦ የሚሰቀለው ብዙውን ጊዜ በችኮላ ስለሚታሰር ነው። መፍትሔው የላይኛውን መንጠቆ በአረንጓዴ ክር መጠምጠም ነው። አረንጓዴ ለአረንጓዴ፣ አለቀ።

ከመዝሙሩ ጋር ለማስማማት መጀመሪያ የምትጠቀሙበትን ቅጂ በስልክ ለኩ። ለምሳሌ 80 ሰከንድ ከሆነ፣ አንድ የእጅ ስበት 30 ሳ.ሜ. ያህል ስለሆነ 6 ሜትሩ 20 ስበት ነው። በየ4 ሰከንዱ አንድ ስበት። ልጁ በውስጡ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሳብ» እያለ ይለማመድ። ሦስት ተማሪ ይበቃል፤ አንዱ ባንዲራውን በሁለት ክንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይስባል፣ አንዱ የሚመለሰውን ገመድ ይቆጣጠራል። ያዡ ጨርቁ ተዘርግቶ ከእጁ እስኪወጣ አይልቀቅ፣ መሬት መንካት የለበትም። ጫፍ ሲደርስ ገመዱ ማሰሪያው ብረት ላይ በስምንት ቅርጽ ሦስት ጊዜ ይጠምጠም። አንድ ቋጠሮ ብቻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ባንዲራው ወርዶ ታገኙታላችሁ።

---

ሚኒ_ሚዲያ_አስተባባሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን። የሐዘን ቀን ቢገጣጠም ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ እንዴት ይደረጋል? ባለፈው ተማሪዎቹ በቀጥታ ግማሽ ላይ አቁመውት ነበር።

---

ፕሮቶኮል_ክፍል

በቀጥታ ግማሽ ላይ አይቆምም። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ማታ ሲወርድም መጀመሪያ ወደ ጫፍ ይመለስና ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ትምህርት ቤት በራሱ ውሳኔ ብሔራዊ ሐዘን አያውጅም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያውጃል፤ በመጋቢት 2011 በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ ለአንድ ቀን፣ በሐምሌ 2016 በጎፋው የመሬት መንሸራተት ለሦስት ቀን እንደታወጀው። የታወጀው ቀን ሲያበቃ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሙሉ ከፍታ መመለሱን የሚከታተል ሰው መድቡ፤ የሚረሳው እሱ ነው።

---

የታሪክ_መደብ

በእጅ የሚያዙትን ትናንሽ የወረቀት ባንዲራዎችም አስቡ። ከሰልፉ በኋላ ግቢው ውስጥ ተበታትነው ይረገጣሉ። በየክፍሉ አንድ ካርቶን ይዞ የሚሰበስብ አለቃ ቀድሞ ይመደብ፣ ቁጥሩ ሲሰጥም ሲመለስም ይመዝገብ። የታጠፉትንና የቆሸሹትን ከደህናዎቹ ለዩ።

---

ገመድና_መዘውር

አንድ ቀረ፣ የማታው። ሰንደቅ ዓላማው ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ተማሪም መምህርም ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ ልምምዱ ላይ ጥበቃው አብሮ ይቁም፣ አወራረዱን ይማር፤ አወራረዱ ቀስ ብሎ ነው፣ ጨርቁን በክንድ እየተቀበሉ። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ ገመዱን በእግሩ ረግጦ ይያዝ፣ ባንዲራውን በሁለት እጁ ይቀበል። ዝናብ ነክቶት ከሆነ እርጥቡን አጥፎ ሳጥን ውስጥ አይክተተው፤ ሻጋታ ይበላዋል፣ ቀዩም ቢጫው ላይ ይታተማል። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በሁለት ወንበር መደገፊያ ላይ ተዘርግቶ ይደር፣ ጠዋት ደርቆ ይታጠፍ። ገመዱ ደግሞ ያለ ባንዲራው ተወጥሮ ይታሰር፤ ከላላ ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን ሲመታ ያድራል፣ ራሱም ተፈትጎ ያልቃል።